መንገዱ እንዴት አደረ?



በዚህ ወር የምንጓዘው ራቅ ወዳለ ስፍራ ነው። ፈረንሳይና ኢጣሊያ በሚዋሰኑበት፣ አልፕስ በሚባለው የተራሮች ሰንሰለት ውስጥ ሞን ብላን የተሰኘ ተራራ አለ። ትርጉሙ «ነጭ ተራራ» ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,800 ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን በምዕራብ አውሮፓ ከእርሱ የሚበልጥ የለም። በየበጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጫፉ ላይ ለመድረስ ይነሳሉ። አብዛኞቹም የሚመርጡት «የጉቴ መንገድ» የተባለውን ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቀላል ነው ስለሚባል። ይህ «ቀላል» የተባለ መንገድ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝና በአንዳንዱ በጋ ለምን እስከ መዘጋት እንደሚደርስ እንመለከታለን።

ሩጫና ኳስ የለመደ ወጣታችን «እኛ በረዶ ላይ አንወጣ፣ ይህ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ታገሡኝ። ነገሩ ከተራራም አልፎ ትናንት የተነገረን ወሬ ዛሬ ምን ያህል ሊታመን ይገባል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመታቱንና ወራቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን እንደ እኛው አቆጣጠር እንደጻፍኩ በቅድሚያ ልብ ይባልልኝ።

አስቀድመን የቃላት ችግር እንፍታ። በአማርኛችን ከሰማይ እየተንኳኳ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም በረዶ ነው፤ በፊልም የምናየው እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውም በረዶ ነው። ለተራራ ሰው ግን እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ለዛሬው ጥጥ የመሰለውን አመዳይ እንበለው። አመዳይ ክረምት ከክረምት ሳይቀልጥ እየተደራረበ ሲሄድ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጫነዋል፤ አየሩ ይወጣል፤ በብዙ ዓመታትም ወደ ጠንካራ በረዶነት ይለወጣል። ውፍረቱ በአሥራትና በመቶዎች ሜትር የሚለካ ሲሆን ግግር በረዶ ይባላል።

ግግር በረዶ የቆመ ይመስላል እንጂ አይቆምም፤ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። በኦገስት 1820 ሞን ብላንን ሲወጡ ከነበሩት መካከል ሦስት የሻሞኒ ከተማ መሪዎች በበረዶ ናዳ ተወስደው በግግሩ ስንጥቅ ውስጥ ተቀበሩ። ፎርብስ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ የግግሩን ፍጥነት አጥንቶ፣ ሟቾቹ ከአደጋው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ከታች ብቅ እንደሚሉ ገመተ። በ1861 ከቦሶን ግግር በረዶ ግርጌ ቅሪታቸው መውጣት ጀመረ። በአደጋው ማግስት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ከባሌ የመጣ አንድ ተማሪዬ ያነሳውን ጥያቄ ባነሳ ደስ ይለኛል። «ኡስታዝ፣ የእኛ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው ብለውናል። እዚያ መኪና ይወጣል። ታዲያ በረዶው የት አለ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በጉቴ መንገድ ላይ ዶም ዱ ጉቴ የሚባለው ክብ ኮረብታ 4,304 ሜትር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በበረዶ ተሸፍኖ ይኖራል። ልዩነቱ ያለው በኬክሮስ ላይ ነው። ባሌ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ሞን ብላን ግን ወደ 46 ዲግሪ ገደማ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ የሚከመረው አመዳይም ብዙ ነው። ደግሞም ባሌ ድሮም እንዲህ አልነበረችም። በጥንቱ የበረዶ ዘመን በሳነቴ አምባና ከእርሱ በሚወርዱት ሸለቆዎች ግግር በረዶ እንደነበረ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከተዋቸው የድንጋይ ክምሮች አረጋግጠዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየው ኩራት አይረሳኝም፤ በረዶውን እርሱ ያስቀመጠው ይመስል።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ተጓዡ ከሴን ዠርቬ ከተማ ይነሳል። የድሮው ባቡር ሐዲድ መጨረሻ ጣቢያ «የንስር ጎጆ» ይባላል፤ 2,372 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በእግር ቴት ሩስ ወደተባለው ማደሪያ ይወጣል፤ 3,167 ሜትር። ቀጥሎ ያለው ማደሪያ ጉቴ ሲሆን 3,835 ሜትር ላይ ገደል አፋፍ ተቀምጧል። በ2013 የተከፈተው ይህ አዲስ ሕንፃ በብረት የተሸፈነ እንቁላል ይመስላል፤ 120 ሰው ያሳድራል። ከጉቴ ወዲያ ያለው ጉዞ ሙሉ በሙሉ በበረዶ ላይ ነው። በዶም ዱ ጉቴ በኩል፣ 4,362 ሜትር ላይ ያለችውን የቫሎ መጠጊያ አልፎ፣ ቦስ በተባለው ቀጭን ተረተር ላይ እየተራመዱ ጫፍ ይደረሳል። በዚህ ተረተር ላይ ነፋስ ከበረታ የሚያስጠልል ነገር የለም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ከፍ ያለውን፣ በረዷማውን ክፍል ሊመስለን ይችላል። የጉቴን መንገድ ክፉ ስም ያሰጠው ግን በሁለቱ ማደሪያዎች መካከል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከፍታው 700 ሜትር አይሞላም። ከሥሩ «ታላቁ ቦይ» የሚባል አለ፤ ከተራራው አናት እስከ ታች የተዘረጋ ትልቅ አሸንዳ ብላችሁ አስቡት። አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ ሰብስቦ እንደሚያወርድ ሁሉ ይህም ከላይ የተፈታውን ድንጋይ ሁሉ ሰብስቦ ያወርዳል። መንገዱ አሸንዳውን አግድም ያቋርጣል። ስፋቱ መቶ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ጡጫ የሚያክለውም፣ ማቀዝቀዣ የሚያክለውም ድንጋይ የሚወርደው በዚያ ነው። ፈረንሳዮቹ «የሞት ቦይ» ይሉታል።

ከ1990 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት በቴት ሩስና በጉቴ ማደሪያዎች መካከል ብቻ 102 ሰዎች ሞተዋል፤ 230 ቆስለዋል። ይህ የነፍስ አድን ቡድኑን መዝገብ አገላብጠው የተቆጠረ አኃዝ ነው። ሁሉም በድንጋይ ናዳ አልሞቱም። ትልቁን ድርሻ የያዘው ከግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መውደቅ ነው፤ ናዳው ይከተላል። የደከመ ሰው፣ ድንጋይ ሲንኮታኮት ሰምቶ የደነገጠ፣ ከፊቱ ያለው ወረፋ ያስቸኮለው ሰው እግሩ ይስታል። ስለዚህ «በናዳ» እና «በመውደቅ» ብሎ መለየቱ ለመዝገብ እንጂ በቦታው ላሉት ሰዎች ብዙም የተለየ አይመስለኝም።

ድንጋዩን እስከ ዛሬ ምን ይዞት ቆየ? መልሱ በረዶ ነው። በከፍተኛ ተራራ ዓለት ስንጥቆች ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ አለ። ግንበኛ ድንጋይ ከድንጋይ በሲሚንቶ እንደሚያያይዝ ይህ በረዶ የተሰነጠቀውን ዓለት አያይዞ ይይዛል። የሲሚንቶው ዕድሜ ግን የሙቀት ጉዳይ ነው። በዓለቱ ውስጥ ያለው በረዶ ሲሞቅ መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ስንጥቁን እየተከተለ ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ዳግም ሲበርድ ውሃው ይረጋል፤ ውሃ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ይከፍተዋል። በበጋ መጀመሪያ ቦዩን የሚሸፍነው አመዳይ ልቅ የሆኑትን ድንጋዮች ይዞ ያቆያል። እርሱ ቀልጦ ካለቀ የሚቀረው እርቃኑን የቀረ አሸንዳ ነው።

እንግዲህ የተራራ መሪዎች በየማለዳው የሚጠያየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «መንገዱ እንዴት አደረ?» የሚል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚጠይቁትም ሌሊቱን ረግቶ ነው ወይስ ሳይረጋ ነው ያደረው ለማለት ነው። እዚህ ላይ ገበሬዎቻችን ከእነርሱ ያላነሰ ያውቃሉ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲረጭ ያደረ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ደመና ያለበት ሌሊት ግን አይጥልም። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ይመልስላታል። በሞን ብላንም እንደዚሁ ነው። ሰማዩ ከጠራ፣ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢልም እንኳ የአመዳዩ ገጽ ይጠነክራል፤ ከጫማ ሥር የታሰረው ሹል ብረት ጥሩ አድርጎ ይነክሳል፤ በግግሩ ስንጥቆች ላይ የተዘረጋው የአመዳይ ድልድይም ሰው ይሸከማል። ደመና አድሮ ከሆነ ግን ቴርሞሜትሩ አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኖ ይነጋል።

ለዚህ ነው ሰዎቹ ከጉቴ ማደሪያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ግንባራቸው ላይ አስረው የሚወጡት። ማለዳ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፤ ፀሐይ አመዳዩን ሳታለሰልሰው ይመለሳሉ። ጥንቱን የወረሱት ትምህርት «ማልደህ ውጣ፣ ማልደህ ተመለስ» የሚል ነው። መልካም ትምህርት ነው፤ ዛሬም አይጠላም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው ማለዳ ጫፍ የደረሰ ሰው የድንጋዩን ግድግዳ ተመልሶ የሚወርደው ቀን ላይ መሆኑ ነው። በሄደበት ሰዓት ጸጥ ያለው ቦይ ሲመለስበት ፀሐይ ገብታበታለች፤ እርሱ ደግሞ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ፣ ጉልበቱ የዛለ ሰው ነው። ከቀትር በኋላና አመሻሽ ላይ ናዳው ይብሳል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አንድ ሌሊት የአመዳዩን ገጽ ሊያረጋ ይችላል፤ በዓለቱ ውስጥ የገባውን ሙቀት ግን አያወጣም። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ትላልቆቹ የዓለት መደርመሶች ከሙቀቱ ቀን ዘግይተው ሊመጡ ይችላሉ። ቀዝቃዛ ማለዳ አይቶ «ዛሬስ ደኅና ነው» የሚል ሰው ከላይ ያለውን ቅዝቃዜ ብቻ ነው የሚያየው። በዚያው አካባቢ ድሩ በሚባለው ተራራ ላይ በጁን 2005 ከ250,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ዓለት ተገንጥሎ ወድቋል። ዝነኛ የመውጫ መንገድ ነበረበት፤ መንገዱ አብሮ ጠፋ። ጋስቶን ሬቡፋ የተባለው ታዋቂ ተራራ ወጪ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን አካባቢ መቶ የተመረጡ መንገዶች ገልጾ ነበር። ተመራማሪዎች ከመቶዎቹ 95ቱን መርምረው በ2019 እንዳሳወቁት 93ቱ በአየር ንብረት ለውጥ ተነክተዋል፤ 26ቱ በእጅጉ ተለውጠዋል፤ ሦስቱ ጭራሹን የሉም። መጽሐፉ ውሸት አልጻፈም። ተራራው ነው ከመጽሐፉ የወጣው።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የታየው በ2022 በጋ ነው። አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርድበት ከፍታ ምን ያህል እንደሆነ የሜትሮሎጂ ሰዎች በፊኛ ይለካሉ። ጁላይ 25 ቀን 2022 በስዊዘርላንድ ሰማይ የተለካው 5,184 ሜትር ነበር። ሞን ብላን ከ4,800 ጥቂት የሚበልጥ መሆኑን አስታውሱ! ዜሮው ከጫፉ በላይ ነበር፤ ማለትም ከመላው አልፕስ አየሩ ውርጭ የሆነበት አንድም ጫፍ አልነበረም። ያም ክብረ ወሰን ዓመት ቆይቶ ተሰበረ፤ በኦገስት 2023 ልኩ 5,298 ሜትር ደረሰ። በዚያው በ2022፣ ጁላይ 3 ቀን፣ በኢጣሊያ ማርሞላዳ በተባለው ተራራ ላይ የግግር በረዶ ክፍል ተገንጥሎ 11 ሰዎችን ገድሏል። በዋዜማው ጫፉ ላይ 10 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቦ ነበር።

በጁላይ አጋማሽ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበርና የሴን ዠርቬ መሪዎች በጉቴ በኩል ሰው መምራት አቆሙ። ልብ በሉ፤ የበጋ ወራት ለመሪ የመኸር ወራት ነው። የዓመት እንጀራው የሚጋገረው ያን ጊዜ ነው። እንዲያም ሆኖ ገበያቸውን በራሳቸው እጅ ዘጉ። እኔ በበኩሌ ስለ ሙያ ክብር ለተማሪዎቼ ስናገር ከጀግናው ወጪ ይልቅ እነዚህን ሰዎች መጥቀስ እመርጣለሁ።

መሪ የሌላቸው ግን መውጣታቸውን አላቆሙም። ቁምጣና ቀላል የሩጫ ጫማ አድርገው፣ የሣር ባርኔጣ ደፍተው የተገኙም ነበሩ። የሴን ዠርቬ ከንቲባ ዣን ማርክ ፔይዬ ተቆጡ። በኦገስት መጀመሪያ፣ በዚህ መንገድ የሚወጣ ሁሉ 15,000 ዩሮ መያዣ ያስቀምጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ 10,000ው ለነፍስ አድን ወጪ፣ 5,000ው ለቀብር! በፈረንሳይ በተራራ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው የመንግሥት ነፍስ አድን ቡድን በሄሊኮፕተር ሄዶ ያለክፍያ ያነሳዋል፤ ከንቲባውን ያናደዳቸው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ወሰደው፤ አንዳንዱም እንደ ጭካኔ። መያዣው ሕግ ሆኖ አልወጣም። ኦገስት 5 ቀን ግን ሁለቱ ማደሪያዎች፣ ቴት ሩስና ጉቴ፣ እንዲዘጉ ተደረገ። ማደሪያ ከሌለ አብዛኛው ሰው አይወጣም። ቆይቶ አየሩ ሲሻሻል ተከፈቱ። ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2015 ሙቀት ወቅትም የጉቴ ማደሪያ በናዳው ምክንያት ተዘግቶ ነበር።

ስለ ቴት ሩስ ካነሳን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ከማደሪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ግግር በረዶ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት አይደለችም። ነገር ግን በጁላይ 1892 ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ በሆዷ የተጠራቀመው ውሃ በድንገት ፈነዳ፤ ጎርፉ እስከ ሴን ዠርቬ ወርዶ 175 ሰዎችን ፈጀ። በ2010 በዚያችው ግግር ውስጥ ዳግም ብዙ ውሃ መጠራቀሙ በመሣሪያ ታወቀ። በዚህ ጊዜ ከተማው አልጠበቀም፤ በረዶው ተቦርቡሮ ውሃው በፓምፕ ተሳበ። ከመንገደኞቹ ስንቱ ይህን አውቆ እንደሚያልፍ እንጃ።

አሁን መንገዱ በምን ሥርዓት ይተዳደራል? ከ2019 ጀምሮ በማደሪያዎቹ አልጋ ሳይዙ በጉቴ መንገድ መውጣት አይፈቀድም፤ ድንኳን መትከልም ክልክል ነው፤ ተቆጣጣሪዎች መንገዱ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። የወጪው ቁጥር በአልጋው ቁጥር ተወሰነ ማለት ነው። በቦዩ ላይ ገመድ የሚያያዝበት የብረት ሽቦ ተዘርግቷል። በእርሱ መጠቀም መልካም ነው የሚሉ አሉ፤ ገመድ ሲያስሩና ሲፈቱ በቦዩ ውስጥ ጊዜ ይፈጃል የሚሉም አሉ። ለእግረኛው በዓለቱ ውስጥ ዋሻ ይቆፈር የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ሁሉም ክርክር አለው። ጠበብቶቹ ያለ ክርክር የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ቦዩ አመዳዩን ሲያጣና ድንጋዩ ሲፈታ የሚሻለው አለመግባት ነው። ስለዚህም ብዙዎች ጉዟቸውን ወደ ጁን፣ አመዳዩ ገና ቦዩን ሸፍኖ ወዳለበት ወቅት፣ እያመጡት ነው። ድሮ ኦገስት ዋናው ወር ነበር።

በሻሞኒ የመንገዶችን ሁኔታ እየተከታተለ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ቢሮ አለ። ከማደሪያ ጠባቂዎች፣ ከመሪዎችና ከወጪዎች የሰማውን አጣርቶ ይጽፋል፤ ቦዩ አመዳይ አለው ወይስ የለውም፣ ስንጥቆቹ የት የት ተከፍተዋል፣ ሌሊት ይረጋል ወይ፣ ነፋሱስ? ከእያንዳንዱ ወሬ ጋር ቀኑ ይጻፋል። ቀን የሌለው ወሬ እዚያ ዋጋ የለውም። የሦስት ቀን ወሬ በጥርጣሬ ይነበባል፤ ከዝናብ በፊት የተጻፈ ከሆነ ጭራሹን ይተዋል። ወጣቶቻችን አንድ ወሬ ሲሰሙ «ማን አለ?» ብለው መጠየቅን ለምደዋል፤ ደስ ይላል። «መቼ አለ?» የሚለው ግን እየተረሳ ነው።

ወላጆች ለሆናችሁ አንድ ታሪክ ላንሳ። በጁላይ 2014 አንድ አሜሪካዊ አባት የ9 እና የ11 ዓመት ልጆቹን ይዞ በጉቴ በኩል ወጣ። የዕድሜ ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ ነበር። መንገድ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ ልጆቹን ጠርጎ ሊወስዳቸው ደረሰ። ተረፉ፤ ጫፍ ሳይደርሱ ተመለሱ። የተቀረጸው ፊልም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ፤ የሴን ዠርቬው ከንቲባም እጅግ ተቆጡ። አባትየው ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላስብም። ልጆቹን የሚወድና ተዘጋጅቻለሁ ብሎ የሚያምን ሰው መሆኑ ነው ታሪኩን የሚያከብደው። ልጅ አባቱ «ደኅና ነው» ካለው ደኅና ነው ብሎ ያምናል፤ ቦዩን ቀና ብሎ አይመለከትም። በዚያ ስፍራ የሚያይለት የአባቱ ዓይን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ገንዘብ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጧል፤ አልጋ ይዟል፤ ለመሪ ከፍሏል፤ የዓመት ፈቃዱን አውጥቷል፤ ለጎረቤት ተናግሯል። የቦዩ ድንጋይ ግን ስለ ፈቃዱ ማለቅ የሚያውቀው ነገር የለም። መሪ ያለው ሰው ዕድለኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ «አይሆንም» የሚለው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ይወጣለታል። ብቻውን የሄደ ግን ለራሱ መከልከል አለበት፤ እርሱ ከመውጣቱ ይልቅ ይከብዳል።

ያ ተማሪዬ ባለፈው ደግሞ «ኡስታዝ፣ ጫፉም ይቀልጣል ማለት ነው?» አለኝ። የሞን ብላን አናት የበረዶ ቆብ ነው፤ ከሥሩ ያለው የዓለቱ ጫፍ 4,792 ሜትር ነው። ከ2001 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ይለካል። በ2021 4,807.81 ሜትር ነበር፤ በ2023 ደግሞ 4,805.59 ሆነ። ይህን ሁለት ሜትር ግን ሙቀት ወሰደው ለማለት አትቸኩሉ። የቆቡን ውፍረት የሚወስነው በአብዛኛው ነፋስና የወደቀው አመዳይ ነው፤ ይወርዳል፣ ይወጣል። የሙቀቱን ሥራ ማየት የፈለገ ወደ ጫፉ ሳይሆን ወደ ታች ይመልከት። ሻሞኒ አጠገብ ባለው «የበረዶ ባሕር» በተባለው ትልቅ ግግር ላይ በ1988 ከገመድ መኪና ወርዶ በረዶውን ለመንካት ጥቂት ደረጃ ይበቃ ነበር። በረዶው እየሟሸሸ ሲወርድ ደረጃው እየተጨመረ ከ500 አለፈ። ጎብኚው ደክሞት ስለተቸገረ በ2024 ሌላ የገመድ መኪና ከፍ ብሎ፣ ግግሩ ወዳለበት አቅጣጫ ተተክሎ ተከፈተ።

የጉቴ መንገድ ሲዘጋ መሪዎች ብዙ ጊዜ ለደንበኞቻቸው የሚያቀርቡት ምትክ በኢጣሊያ በኩል ያለውን ግራን ፓራዲሶ የተባለ ተራራ ነው፤ 4,061 ሜትር። አንዳንዱ ደንበኛ ያኮርፋል፤ ለቤተሰቡ የነገረው ስም ሞን ብላን ነውና። እዚያም ግግር በረዶ አለ፤ እዚያም መሪው ሌሊት ተነስቶ በር ከፍቶ ሰማዩን ያያል፤ ኮከብ ካለ ይወጣሉ።

ወሰላም።